ምንዛሪው መቶ አንድ የሆነበት ክረምት

ቻካውሪ ሳህ ከመወለዱ በፊት እናቱ ሁለት ሕፃናት ቀብራ ነበር። ስለዚህ ሦስተኛውን ገና እትብቱ ሳይደርቅ ለአዋላጇ ሸጠችው። ሞት የእናት ልጅ እየመረጠ ይወስዳል እንጂ ከገበያ የተገዛ ዕቃ አይመኝም ይባላል በዚያ አገር። ዋጋው ስድስት ዛጎል ነበርና ስሙም ከዋጋው ወጣ፤ ቻካውሪ ማለት «ስድስት ዛጎል» ማለት ነው። ሞት በእርግጥ ተታልሎ ይሁን ወይስ የእናቲቱ ብልጠት አስቆት አልፎት ይሁን እንጃ፣ ልጁ አደገ፣ ሸበተ፣ ጥርሱን ጨረሰ። ዛሬ በሰባ አምስት ዓመቱ በቢርጉንጅ ከተማ፣ ወደ ህንድ ድንበር በሚያወጣው አቧራማ መንገድ ዳር፣ ባለመስታወት ሣጥኑን ፊቱ አድርጎ ገንዘብ ይመነዝራል። በዋጋ የተሰየመ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዋጋ ከዋጋ ሲያስተያይ ቢኖር አይፈረድበትም።

ጎረቤቱ ሱጊያ ግን ትፈርድበታለች።

«ስድስት ዛጎል!» ትለዋለች ከሣጥኑ ፊት ቆማ። «ያቺ አዋላጅ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ምንኛ ከሰረች!»

«አንቺንስ ማን ገዛሽ ባውጂ? ባልሽ እንኳ በነፃ ጥሎሽ ሄደ።»

ይህ ስድብ እንዳይመስል። ባውጂ የታላቅ ወንድም ሚስት ናት። የሱጊያ ባል ባንሲ በሰፈር ሥርዓት ለቻካውሪ ታላቅ ወንድም ይሆናል፤ በዚያ አገር ደግሞ ሴት ከባሏ ታናሽ ወንድም ጋር መላገድ የተፈቀደላት ብቻ ሳትሆን የሚጠበቅባትም ነው። ባውጂና ዋርሳ ካልተሰዳደቡ «ምን ሆናችሁ?» ተብሎ ሽማግሌ ይላክባቸዋል። ሁለቱ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሽማግሌ አላስቸገሩም።

ቻካውሪ ቤቱ ግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቅሎ አያውቅም። የሱ ዘመን መቁጠሪያ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ አንድ መቶ የማዶ ሩፒ በስንት የአገር ሩፒ ይመነዘራል? የማዶ የሚባለው የህንዱ ነው፣ የአገር የሚባለው የኔፓሉ። ሌላው ሰው «የትልቁ ጎርፍ ጊዜ»፣ «የወረርሽኙ ጊዜ» ሲል እሱ «መቶ ሠላሳ አምስት ጊዜ» ይላል። ሚስት ያገባው መቶ ሠላሳ አምስት ጊዜ ነው። ልጁ ቢንዳ የተወለደችው መቶ አርባ አምስት በሆነ በሳምንቱ ነው። አባቱ የሞተው መቶ ሰባ ጊዜ ነው፤ ያን ዓመት የአገሩ ሩፒ በአንድ አዳር ወገቡን ተመታ፣ አባትዬውም በወሩ አልጋ ያዘ። ማን ማንን እንደተከተለ ቻካውሪ እስከ ዛሬ አልወሰነም። የጣሪያው ቆርቆሮ የተለወጠው መቶ ስልሳ ስምንት ጊዜ፣ የጎረቤቱ ጎሽ ጉድጓድ የገባው መቶ ስልሳ አምስት ጊዜ። ሁሉንም በአንድ ደብተር ጽፎታል፤ ቢጠፋበትም ግድ የለው፣ በቃሉ ነው።

ከዚያ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ምንዛሪው መቶ ስልሳ ሆነና ቆመ። መንግሥት በሚስማር መታው። ለነጋዴው እፎይታ ሆነ፤ ለቻካውሪ ግን ሰዓቱ የቆመ ቤት ውስጥ እንደ መኖር። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉ ከምን ጋር አስሮ ያስታውሰው? «ይሄ የልጅ ልጅህ ስንት ዓመቱ ነው?» ሲሉት «መቶ ስልሳ ነው» ይላል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰችውም መቶ ስልሳ ናት፣ ትናንት ጡት የያዘውም መቶ ስልሳ ነው። ሰው ይስቅበታል። የሚስቁት ሰዎች ግን አንድ ነገር አላስተዋሉም፦ እኛም ብንሆን ዘመናችንን የምናስታውሰው ስለኖርነው አይደለም፣ ስለተለወጠብን ነው። ምንም ያልተለወጠበት ሠላሳ ዓመትና ምንም ያልተለወጠበት አንድ ከሰዓት በኋላ በትዝታ ሚዛን እኩል ናቸው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጉሙ ገና ከመንገዱ ሳይነሳ፣ ሱጊያ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጣች። ገና ከሩቅ፣

«ዋርሳዬ፣ ጉድ ስማ! ወጣት ነሽ አሉኝ!» አለች።

«የትኛው ዕውር ነው ያለሽ?»

«የቀበሌው ጸሐፊ። ‹እናቴ፣ የዜግነት ወረቀትዎ ላይ ሃምሳ ስድስት ዓመትዎ ነው። የአረጋውያን ድጎማ ስልሳ ስምንት ለሞላው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ቆይተው ይምጡ› አለኝ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ሴት ሁሉ ዕድሜዋን ለማስቀነስ ጠንቋይ ቤት ትሄዳለች። አንቺ በመንግሥት ማኅተም ተቀነሰልሽ።»

«ሁላስ አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አለች ሱጊያ፣ የበኩር ልጇን ስም ጠርታ። «ቆጥረው እስቲ፣ አንተ ቁጥር ታውቃለህ። በሰባት ዓመቴ ነው የወለድኩት! የወተት ጥርሴን ሳልጥል ነው ያጠባሁት!»

ቻካውሪ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ስማኝ። ትምባሆ ባማረኝ ቁጥር የምራቴን ፊት ማየት ሰለቸኝ። ትሰጠኛለች፣ አትከለክለኝም፤ ግን ስትሰጠኝ ታየኛለች። መንግሥት ‹አርጅተሻል› ብሎ የሚሰጠውን በገዛ እጄ ልቀበል። አንድ ቀን እኔም ‹እንቺ› ልበላት። ሌላ ምንም አልፈልግም። ወጣትነቴን ይውሰዱልኝና እርጅናዬን ይመልሱልኝ።»

እንደ ባልቴት እንዳይሰጧት ደግሞ ባሏ አልሞተም፤ ወይም ሞቷል የሚል ወረቀት የለም። ባንሲ ለሥራ ወደ ፑንጃብ ከሄደ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እሷም ያገባች ሴት ከጸጉሯ ክፋይ ላይ የምትቀባውን ቀይ ቀለም አልተወችም። «ድንገት ቢመጣ» ትላለች። «ባይመጣም ያምርብኛል።»

«መቼ ነው የሚዘጋው ምዝገባው?»

«ዓርብ። ዓርብ ካለፈ ለከርሞ ነው። ነገ ምስክር አምጪ ብሎኛል፣ ዕድሜሽን የሚያውቅ።»

ቻካውሪ ደረቱን ነፋ። «ዓመትሽን እኔ አውቀው የለ! የዚህን መንገድ ሰው ሁሉ ዓመት የማውቅ እኔ አይደለሁም? አንቺ ብቻ ንጹሕ ልብስ ለብሰሽ ነይ። ደግሞ ብዙ አትሳቂ፣ ጥርስሽ ካለቀ በኋላ ስትስቂ ሕፃን ትመስያለሽ፣ ይጠረጥሩናል።»

በማግስቱ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በሰው ጢም ብሎ ነበር። ግማሹ ለራሱ ጉዳይ የመጣ፣ ግማሹ ብርዱን ሸሽቶ የገባ። ሁላስ እናቱን ደግፎ ቆሟል። ጸሐፊው ኒሬሽ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ማለትም ቻካውሪ «መቶ ስልሳ» ከሚላቸው አንዱ፤ ትሑት፣ ጨዋ፣ ብዕሩን ከጆሮው የማያወርድ ልጅ።

«አጎቴ፣ እኚህ እናት የተወለዱበትን ዓመት ያውቃሉ?»

«ስትወለድ አልነበርኩም» አለ ቻካውሪ። «ስትታጭ ግን ነበርኩ። አሥራ አምስት ዓመት ከሦስት ወሯ ነበር።»

«ጥሩ። መቼ ነው የታጩት?»

«መቶ ስልሳ ጊዜ።»

ኒሬሽ ብዕሩን ከጆሮው ሊያወርድ የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። «ምኑ መቶ ስልሳ?»

«ምንዛሪው ነዋ!»

«አጎቴ፣ ምንዛሪው እኮ ዛሬም መቶ ስልሳ ነው። ዛሬ ነው የታጩት?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሱጊያም ምክሩን ረሳችና ድዷን ገልጣ ሳቀች። «ኧረ እሰይ! ሙሽራውን ጥሩልኝና ልየው!» አለች። ቻካውሪ ጆሮው ድረስ ጋለ። ለምን እንደጋለ ከሰው ሁሉ መካከል የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፣ እሷም ይህን ካለች በኋላ ነው ያስታወሰችው፤ ሳቋን በአንዴ ዋጠች።

«የፊተኛው መቶ ስልሳ!» አለ ሽማግሌው፣ ድምፁን ከሳቁ በላይ ለማድረግ እየታገለ። «መቶ ስልሳ የሚባለው ሁለት ነው። የድሮው አለ፣ የአሁኑ አለ። በመካከላቸው መቶ አንድ አለ፣ መቶ ሠላሳ አምስት አለ፣ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ...»

«መቶ አንድ?» አለ አንድ ወጣት ከበሩ በኩል። «የእኛ ሩፒ ከማዶው እኩል ነበር? አባባ፣ ተረቱን ለማታ ያቆዩት!»

ሠላሳ ዓመት ያልተነቃነቀ ነገር፣ ለተወለደበት ሰው፣ ከተራራ አይለይም። ተራራው አንድ ክረምት ሜዳ ነበር ብለህ ብትነግረው በአንተ ይስቃል እንጂ ተራራውን አይጠራጠርም። ቻካውሪ ይህን አሰበ፤ ማሰቡ ግን አልጠቀመውም፣ ምክንያቱም ኒሬሽ በዚህ መካከል አንድ አሮጌ መዝገብ ከመደርደሪያ አውርዶ አቧራውን እፍ ብሎ ነበር።

«የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ዜግነት መዝጋቢዎች ሰፈራችሁ መጥተው ነበር። ይኸው፣ ሱጊያ፣ የባንሲ ሚስት። ዓመቱን የተናገረው ምስክርም ተጽፏል።» በልቡ አነበበው። ቀና ብሎ ሽማግሌውን አየ። «ላንብበው?»

«አንብበው እንጂ! የትኛው ደደብ ነው?»

«‹ጎረቤት፣ ገንዘብ መንዛሪ፣ ቻካውሪ ሳህ›።»

አሁን ማንም አልሳቀም፤ ይህ ከሳቁ የባሰ ነበር።

ትዝ አለው። ሙቀቱ፣ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ዋርካው የተጠማዘዘው ሰልፍ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ስለነበሩ ሱጊያ ፊቷን ሸፍና «ዋርሳዬን ጠይቁት፣ ዓመት የሱ ነው» አለች። መዝጋቢው ቀና ሳይል «የሷስ?» አለው። እሱም ሳያስብ፣ ስሙን እንደተጠየቀ ሰው፣ «መቶ አንድ ጊዜ» አለ፤ ወደ ዓመት መንዝሮም ነገረው፣ ፍጥነቱም አኩርቶት ነበር። ሱጊያ መቶ አንድ ጊዜ አልተወለደችም። መቶ አንድ ጊዜ የተዳረችበት ነው፤ በቀይ ሻሽ ተሸፍና ጎረቤት ቤት የገባችበት። ስለ ሱጊያ ሲጠየቅ በልቡ ያለው ዓመት ያ ብቻ ስለነበር ያው ወጣ። ምንዛሪ ተሳስቶ የማያውቅ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ተሳሳተ፣ እሱም በሷ ላይ።

ኒሬሽ አዘነለት መሰለኝ፣ ለስለስ አለ። «አጎቴ፣ የርስዎ ቃል ከርስዎ ቃል ጋር ተጋጨ። ከእንግዲህ ምስክር አይበቃም። እስከ ዓርብ አሮጌ ወረቀት ካለ አምጡ፣ ዕድሜያቸው የተጻፈበት። ከሌለ ለከርሞ ነው።»

ሲመለሱ ሁላስ ቀድሞ ሄደ። ሱጊያና ቻካውሪ የፈረስ ጋሪ እስኪያልፍ መንገድ ዳር ቆሙ።

«አሥራ ስድስት ዓመት ሰረቅከኝ» አለችው። «ሌላ ሴት ብትሆን እግርህን ትስም ነበር።»

እሱ ዓይኑን ከጋሪው ጎማ አላነሳም።

«መቶ አንድ ለምን አልክ?»

ጋሪው አለፈ፤ አቧራው ግን ገና በመካከላቸው ነበር። አልመለሰላትም። እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችም። ይህች ሴት ሁለተኛ ሳትጠይቅ የተወችው ነገር በዕድሜዋ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና፦ ሱጊያ የታጨችው ለቻካውሪ ነበር። ይህን የሚያውቁ የሰፈሩ ሰዎች ሁሉ በየተራ አልፈው ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል፤ ሁለቱም አንስተውት አያውቁም።

የዛሬ ሃምሳ ሰባት ዓመት፣ በመጀመሪያው መቶ ስልሳ መጨረሻ፣ ሁለት የሩዝ ነጋዴ አባቶች ተቀመጡ። የልጅቱ አባት ለሙሽራው ወገን አንድ ሺህ አንድ ሩፒ ሊሰጥ ተስማማ። የቻካውሪ አባት ብልህ ነበር፤ «የማዶውን» አለ። የአገሩን ሩፒ ማን ያምነዋል? አንድ ሺህ አንድ የማዶ ሩፒ ያኔ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ የአገር ሩፒ በላይ ነው። የሰፈሩ የሂንዱ ቄስ በቢጫ ወረቀት ጻፉት፣ የሙሽሮቹን ስምና ዕድሜ ጭምር፤ በእርድ ነካክተው በቀይ ክር አሰሩት። ሠርጉ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሬዲዮ ጮኸ፦ ማዶ ያለው መንግሥት የገንዘቡን ዋጋ ቀንሷል። የአገሩ ሩፒ ባለበት ቆመ። ሰው መቶ ስልሳ ብሎ ተኝቶ መቶ አንድ ሆኖ ነቃ። ስድስት መቶ ያህል ሩፒ ሬዲዮ በላው።

«የተስማማነው በዋጋው ነው» አለ የቻካውሪ አባት። «አንድ ሺህ ስድስት መቶ አንድ የአገር ሩፒ አምጣ።»

«አፍህ ‹የማዶ› ነው ያለው» አለ የሱጊያ አባት። «የማዶውን እሰጥሃለሁ። ሽቅብ ቢወጣ ኖሮ ትመልስልኝ ነበር?»

ሁለቱም ትክክል ነበሩ። መከራው እሱ ነበር። ሰው ቃል ሲገባ የሚገባው በቁጥሩ ነው ወይስ ቁጥሩ በዚያች ቀን በያዘው ዋጋ? ስንት ሊቅ ሸምግሎ ያልፈታውን ይህን ጥያቄ ሁለት የሩዝ ነጋዴዎች ድንኳን ሳይተከል በፊት ሊፈቱት ተነሡ። አልፈቱትም። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን እንዲሉ፣ የቻካውሪ አባት ስድስት መቶ ሲያሳድድ ሺውንም ምራቱንም አጣ። ጎረቤትዬው፣ የባንሲ አባት፣ «እኔ ባለው እቀበላለሁ» አለ፤ በስምንተኛው ወር ሱጊያ እዚያው ሰፈር፣ እዚያው መንገድ፣ አንድ በር ዝቅ ብላ ሙሽራ ሆና ገባች። ቻካውሪ በሠርጉ ላዱ የሚባለውን ድቡልቡል ጣፋጭ አደለ። የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ ከሰፌዱ አንድም ላዱ አላወደቀም።

ፍቅር ነበር ማለት አይቻልም፤ ፊቷን ያየው ባውጂው ከሆነች በኋላ ነው። ምን እንደነበር ልንገራችሁ ብል እዋሻለሁ። ምናልባት ኪስ ውስጥ ተረስቶ ዘመኑ ካለፈ በኋላ እንደሚገኝ የብር ኖት ነው፦ አይገዛበትም፣ ግን ማን ይጥለዋል? ቻካውሪም ቢጫውን ወረቀት አልጣለውም። አባቱ ወደ ምድጃ የወረወረውን አንስቶ ከምንዛሪ ደብተሩ መጨረሻ ገጽ ከቶ፣ ደብተሩን በቆርቆሮ ሣጥን ሥር ከቶ፣ ከሰው ሁሉ ደበቀው። በተለይ ከሚስቱ ከካላዋቲ።

እንግዲህ ሐሙስ ከሰዓት የሱጊያ እርጅና በዚያ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ የቻካውሪ ኀፍረትም እዚያው አጠገቡ። ወረቀቱን ቢያወጣ ነገ በቀበሌ፣ በልጇ ፊት፣ በሰፈሩ ሁሉ ፊት ይነበባል። ባያወጣው ያቺ ሴት አሥራ ሁለት ዓመት የምራቷን ፊት ታያለች። አሥራ ሁለት ዓመት ደግሞ የሚቀራቸው አይመስልም። ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም፣ አለ ለራሱ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ያለፈው ክረምት ያፈሰሰውን ጣሪያ ግን መድፈን ይቻላል፣ አለ። ካላዋቲ ጎሿን ልታጠጣ እስክትወጣ ጠበቀና ሣጥኑን ከፈተ።

ደብተሩ ነበረ። ወረቀቱም ነበረ፤ ብል አልነካውም፣ አይጥ አልነካውም። በላዩ ግን ብል የሚያርቀው የኒም ቅጠል ተነስንሷል። ቻካውሪ አንዱን አንስቶ በጣቱ አሸው። አረንጓዴ ነው። ይሸታል። ከሳምንት በፊት የተቀጠፈ ነው።

«የቢንዳ አባት» አለ ከበሩ ድምፅ። ካላዋቲ የባሏን ስም ጠርታ አታውቅም፣ አንቱታዋንም አጉድላ አታውቅም፤ ስትቆጣማ ይብሳል። «ብሉ ሐሳብዎን አክብሮ የተወልዎት መስሎዎት ነበር?»

ቅጠሉ ከእጁ ወደቀ። «አንቺ... ታውቂያለሽ?»

«ከመጣሁ በወሩ። ሣጥን ስወለውል። ፊደል ባላውቅም ቢጫ ወረቀትና ቀይ ክር ምን እንደሆነ አላጣውም። ቢንዳ ማንበብ ስትጀምር አስነበብኳት።»

«ቢንዳም ታውቃለች?!»

«ቢንዳም፣ ባሏም። የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ማለቴ እኛ ማወቃችንን።»

ሽማግሌው ሣጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ለምን አልጣልሽውም?»

ካላዋቲ የወደቀውን ቅጠል አነሳች። ሰባኛ ዓመቷን ያለፈች፣ ጎንበስ ያለች ሴት ናት፤ ፈገግ ስትል ግን ጉንጯ ይሰረጎዳል።

«ምን በደለኝና? ያ ወረቀት ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ እኔ የት እገባ ነበር? ታላቅ እህቴን ያገባት ሰካራም እኔንም ለወንድሙ ይጠይቅ ነበር። እኔን እዚህ ቤት ያስገባኝ የርስዎ አባት ስስት ነው። በየዓመቱ ኒም ባነሰንስለት ይበዛበታል? እንዲያውም ዕጣንም ይገባዋል።» ከዚያ ድምጿን ቀየረች። «ነገ ይውሰዱት። ሱጊያ እርጅናዋን ታግኝ። ትምባሆዬን የምትጋራኝ እሷ፣ የምትበደረኝም እሷ፤ እኔም ተጎድቻለሁ።»

ዓርብ ባልና ሚስቱ ከሱጊያ ጋር አብረው ሄዱ፣ ሁላስም ተከተለ። ኒሬሽ ቀይ ክሩን ሲፈታ እጁ ተጠንቅቆ ነበር። ጽሕፈቱ የድሮ የቄስ እጅ ስለሆነ ጮክ ብሎ፣ ፊደል በፊደል አነበበው።

«‹በዚህ ቀን... የሙሽሪት አባት አንድ ሺህ አንድ የማዶ ሩፒ... ሙሽሪት ሱጊያ፣ ዕድሜዋ አሥራ አምስት ዓመት ከሦስት ወር። ሙሽራ...›» ቆመ። ሳል ያዘው። «‹ሙሽራ ቻካውሪ፣ ዕድሜው አሥራ ስምንት›።»

ብርድ ሸሽተው የገቡት ሰዎች ብርዱን ረሱት። ረቡዕ ዕለት «ተረቱን ለማታ ያቆዩት» ያለው ወጣት ከበሩ ወደ ፊት ተጠጋ። ሁላስ እናቱን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ደግሞ እናቱን አየ።

«አጎቴ... እርስዎ አባቴ ሊሆኑ ነበር?»

«ስድስት መቶ ሩፒ ጎድሎኝ ነው» አለ ቻካውሪ፣ መሬት መሬት እያየ።

«እሰይ ጎደለህ!» አለች ሱጊያ። «ልጄ፣ እሱ አባትህ ቢሆን ኖሮ ስምህ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ይሆን ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀችው ካላዋቲ ናት። ከዚያ በኋላ ማንም ለመሳቅ ፈቃድ አልጠበቀም።

ኒሬሽ ቀኑን ከቀን ደመረ፣ ቀነሰ፣ አንድ ጊዜ ተሳሳተና ሰረዘ። ሰባ ሁለት ዓመት። የድጋፍ ደብዳቤውን ጻፈ፣ ማኅተሙን እፍ ብሎ መታ፣ ስሟንም በዕለቱ ከአረጋውያን መዝገብ አሰፈረ። ምስክሩ እንዲፈርም ለቻካውሪ ሲሰጠው፣ ሽማግሌው ከመፈረሙ በፊት ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አነበበው።

«ሰባ ሁለት!» አለች ሱጊያ፣ ወረቀቱን እንደ ልጅ ታቅፋ። «ረቡዕ ዕለት ሃምሳ ስድስት ነበርኩ። በሁለት ቀን ይህን ያህል ያረጀ ሰው አይታችኋል?» ከዚያ ወደ ቻካውሪ ዞረች። «ዋርሳዬ፣ ቁጥር ታውቃለህ። ያ አንድ ሺህ አንድ የማዶ ሩፒ ዛሬ ቢመነዘር ስንት ነው?»

ጣቱን ማጠፍ አላስፈለገውም። ሠላሳ ዓመት ያውቀዋል፤ ምንዛሪው በሚስማር የተመታ ዕለት መጀመሪያ ያሰበው እሱን ነበር። «አንድ ሺህ ስድስት መቶ አንድ። ትንሽ ሳንቲምም አለው።»

«አባትህ የጠየቀው!»

«አባቴ የጠየቀው።»

«እንግዲያ ሃያ ሰባት ዓመት ብቻ ቢታገሱ ኖሮ አባቶቻችን ያለ ጠብ ይስማሙ ነበር።»

«አንቺ በአርባ ሁለት ዓመትሽ ትዳሪ ነበር።»

«ምን አለበት? በወረቀቱ ሃያ ስድስት ነበርኩ!»

ኒሬሽ የቢጫውን ወረቀት ቅጂ አንስቶ ዋናውን ሊመልስ ተነሳ፤ ለማን እንደሚሰጥ ስላላወቀ ግን በእጁ እንደያዘው ቆመ። ቻካውሪ እጁን ሰነዘረና አፍሮ ሰበሰበ። ሱጊያ፣ ስሟ ያለበት ነውና፣ ልትቀበል ተነሳች። ካላዋቲ ከሁለቱም ቀደመች። ወረቀቱን ወሰደች፣ ቀይ ክሩን መልሳ አሰረች፣ ከቀሚሷ ጫፍ ቋጠረችው።

«ኒሙን ሃምሳ አምስት ዓመት የለወጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «ወረቀቱ የኔ ነው።»

ሱጊያ ትንሽ አየቻት። ከዚያ የጸጉሯን ክፋይ፣ ቀዩን፣ በጣቷ ነካ አድርጋ ሳቀች።

«ያዢው እህቴ» አለቻት። «ሰውዬውንም ጨምረሽ ያዢው። እኔ ከዛሬ ጀምሮ አሮጊት ነኝ፣ ሸክም አልችልም።»